የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ተነሳች

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአንዲት አሮጌ ቲንክፓድ ቲ430 ጋር ዋልኩ። የእህቴ ልጅ ነው ፒያሳ ሁለተኛ እጅ የገዛት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ይማራል፣ ምርምሩን የሚጽፍባት እሷ ናት። "ጋሼ፣ ትበራለች፣ ስክሪኗ ግን ጨለማ ነው" አለኝ። አንድ ጠጋኝ "ማዘርቦርዷ (ዋናው ሰሌዳዋ) ሄዷል፣ ጣላት" ብሎታል። ልጁ ክው ብሏል።

እኔ ማዘርቦርድ ላይ ከመፍረዴ በፊት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ነው የማየው። ነቅዬ ሳየው ወርቃማው ጥርሱ ጠቁሯል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁት፣ ብናኙን በብሩሽ ጠረግሁ፣ "ቀጭ" እስኪል መልሼ ገፋሁት። ስትበራ አርማው ብቅ አለ። የልጁን ፊት ባያችሁት!

የማራገቢያዋ መውጫ በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሯ አንጎል) ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም እንደ ጠመኔ ደርቋል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ።

ኢንተርኔት ግን እምቢ አለ። ቀኗ ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቀን ሲሳሳት ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) አያምንም። ሰዓቷን የምታስጠብቀውን፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ሲአር2032 ባትሪ ቀይሬ ቀኑን ሳስተካክል ኢንተርኔቱ ሠራ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ከእሱ በሚፈጥን ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ ቀይሬ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫንኩላት። አሁን እየፈጠነች ነው። ልጁ እስካሁን አጠገቧ ነው፣ ራት እንኳን በግድ ነው የበላው።

የቀረው የዋናው ባትሪ ነገር ነው። ጎንደር ውስጥ ደህና የቲ430 ባትሪ ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ።