የረርን ግድግዳ ላይ መስቀል

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከኮንዶሚኒየሞቹ ግራውንድ ላይ የተከፈቱ ቡና ቤቶች ውስጥ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አንዳንዴም ሳህን ሙሉ ወይንና ፖም ነው። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የረር ተራራ ቁጭ ብሏል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የሰፈራችን ቡና ቤት ባለቤት ቤታቸውን ቀለም ሲያስቀቡ «አንተ ልጅ፣ ፎቶ ታነሳ የለ? ሰው ገና ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። «የረርን ልሥራልዎት እትዬ» ስላቸው ሳቁ። «የረርን ለማየት ማን ግድግዳ ያያል?»

እውነታቸውን ነው። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ተራራ እንዲያውቀው አድርጎ ማሳየት ትርጉም የለውም። ፖስተሩ ተራራው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚለብሰውን መልክ መያዝ አለበት። እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ ተጠብቆ ይገኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በምዕራብ ዝቅ ትላለች። ከኛ በስተምሥራቅ ያለው የረር ፊት ለፊት ይበራል፤ ከጀርባው ያለው ዝናብ ያረገዘ ደመና ግን እንደጠቆረ ነው። ብሩህ ተራራ በጥቁር ሰማይ ላይ፣ ከሥር የጤፍ ማሳ፣ በማሳው ዳር አደይ አበባ፣ ከብት እየነዳ ወደ ቤቱ የሚመለስ እረኛ። እኩለ ቀን ላይ ከተነሳ ፎቶ ይህን ለማውጣት ኮንትራስት (በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት) ቢጨምሩ ቢጨምሩ የሚገኘው ሻካራ ምስል ብቻ ነው።

ያነሳሁት በራው ፋይል ነው፤ ካሜራው የያዘውን ብርሃን ሳያስተካክል እንዳለ የሚያስቀምጥበት ፋይል። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ 14 ቢት ራው 16,384 ይይዛል። ስልክ ላይ ለሚታይ ፎቶ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሰማይን በደንብ ማጥቆር ሲጀመር ግን ይመጣል፤ በጄፔጉ ላይ ለስላሳ የነበረው ሰማይ እርከን እርከን እየሆነ ይሰነጣጠቃል። ብርሃኑን የለካሁት በደመናው ነጭ ጠርዝ ነው፤ ማሳው ጠቆር ብሎ ቢወጣም አልተጨነቅኩም። ከጨለማ ውስጥ ብዙ ነገር ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ደመና ግን ውስጡ ምንም መረጃ ስለሌለ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያ ሥራዬ ብዙ ሰው ከሚያደርገው ተቃራኒው ነበር፤ ኮንትራስቱን ቀነስኩት። ምስሉ ደብዛዛና ፈዛዛ ሆነ። ይህን ያደረግኩት እያንዳንዱን ጥላ በየቦታው በእጄ ለመመለስ ነው። አጠቃላይ ኮንትራስት ሲጨመር ሁሉም ነገር አብሮ ይጮኻል፤ ተራራውም፣ ሣሩም፣ የመብራት እንጨቱም። ሁሉም በጮኸበት ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ስለዚህ ዓይን እንዲያርፍባቸው የፈለግኩትን ቦታዎች መረጥኩ፦ የተራራው ቀኝ ትከሻ፣ የአደይ አበባው መስመርና እረኛው። ሌላውን በሙሉ ዝቅ አደረግኩ። የሰማዩን አናት፣ የማሳውን የፊት ጠርዝ፣ ሁለቱን ጎኖች። የፕሮግራሙን ብሩሽ ፍሰቱን (በአንድ ማለፍ የሚቀባውን መጠን) 10 በመቶ ገደማ አድርጌ ደጋግሜ ማለፍ እወዳለሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚጠቁር ነገር ጠርዙ ይታወቃል። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በፊልም ዘመን ፎቶ አጣቢው ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጁና በክብ ካርቶን እየከለለ አንዱን ቦታ ያነጣ፣ ሌላውን ያጠቁር ነበር። ፎቶሾፕ ውስጥ ለማንጫው መሣሪያ በእንጨት ጫፍ ላይ ያለ ክብ ነገር፣ ለማጥቆሪያው ደግሞ የታጠፈ እጅ የተሳለው ከዚያ ስለመጣ ነው። ትንሽ ብሩህ ነገር ይበልጥ የሚበራው ዙሪያው ሲጠቁር ነው። የተራራውን ትከሻ እጅግም አላነጣሁትም፤ የበራ የመሰለው ሰማዩን ስላጠቆርኩት ነው።

ጭጋግ ማስወገጃውና ዝርዝሩን የሚያጎላው ክላሪቲ ያጓጓሉ። ግን ከልክ ሲያልፉ በተራራው ጫፍና በሰማዩ መካከል ነጭ ክር የሚመስል ጠርዝ ይፈጥራሉ። ስልክ ላይ አይታይም። ከአንድ ሜትር በላይ በሆነ ፖስተር ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። በተለይ ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ቡና እስኪፈላ ሲጠብቅ፣ እያንዳንዷን ጉድለት ለማግኘት ጊዜ አለው። እኔ ክላሪቲን ተራራው አካል ላይ ብቻ ቀባሁት፤ ጠርዙ ጋ አልደረስኩም። በሰማዩ ላይ ያሉትን የሴንሰር (የካሜራው ብርሃን መቀበያ) አቧራ ነጠብጣቦችም ምስሉን መቶ በመቶ አጉልቼ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው።

ቀለም ላይ ዋናው ጠላት አረንጓዴ ነው። የመስከረም ማሳ በራሱ የደመቀ ስለሆነ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ሲጨመርበት የፕላስቲክ ሣር ይመስላል። አረንጓዴውን ቀንሼ ወደ ቢጫ ጠጋ አደረግኩት፣ ጥላዎቹን ወደ ሰማያዊ ገፋኋቸው። አደዩን አልነካሁትም። ዙሪያው ሲረጋጋ ብቻውን በራ።

ሰማዩን ለምን በሌላ አልቀየርከውም የሚለኝ አለ። ፎቶሾፕ ከ2020 ጀምሮ ይህን በአንድ ጠቅታ ይሠራል። ለማስታወቂያ ይሁን፤ ሰፈር ለሚያውቀው ተራራ ግን አልቀበለውም። ተራራው ከምዕራብ በርቶ ደመናው ከሌላ አቅጣጫ ከበራ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገርም አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ደግሞስ የኛ ክረምት ደመና ምን ጎደለውና ነው የሰው ደመና የምንዋሰው?

መጠኑን በተመለከተ ማተሚያ ቤቶች «300 ዲፒአይ አምጣ» ማለት ይወዳሉ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ማለት ነው። የኔ ካሜራ ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ 6000 በ4000 ፒክስል። በ300 ዲፒአይ የሚታተመው 51 በ34 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለዚያ ግድግዳ አይበቃም። እኔ የፈለግኩት 120 በ80 ነበር። 6000ው ፒክስል ለ120 ሴንቲሜትር (47 ኢንች ገደማ) ሲካፈል 127 ዲፒአይ ይመጣል። መጽሔት በእጅ ተይዞ ስለሚነበብ 300 ያስፈልገዋል፤ ፖስተር ግን ራቅ ብሎ ነው የሚታየው። አንድ ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው በዚህ መጠን ነጥቡን ከነጥቡ አይለይም። ፋይሉን በግድ ወደ 300 ማስነሳት ክብደት እንጂ ዝርዝር አይጨምርም።

ከሁሉም በላይ ብዙ የተማርኩበት ወረቀቱ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት የሚያበራው የክፍሉን ብርሃን መልሶ ነው። ስክሪን ላይ በጨለማው ውስጥ የሚታየው ዝርዝር ወረቀት ላይ ይዋጣል። የኛ አካባቢ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይበልጥ ይጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ትልሙ ሁሉ ይለያል፤ ሲታተም ግን ከታች አንድ ጥቁር ንጣፍ ይሆናል። ስለዚህ ከማሳተሜ በፊት የጥላውን ክፍል ከፍ አድርጌ፣ ስክሪን ላይ ድራማውን ትንሽ ያጣ የሚመስል ፋይል አዘጋጃለሁ። የስክሪኑን ብርሃን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ መሥራትም ይረዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን ራሱ ያደበዝዛል፣ ሰውየው ፎቶው የጠቆረ መስሎት ያነጣዋል። መብራት በሌለበት የብርሃን ሥራ አልነካም፤ አቧራ እለቅማለሁ።

ሙሉውን ከማሳተም በፊት ሙከራ ማሳተም ገንዘብ ያተርፋል። ከተራራው ትከሻ፣ ከደመናው ጨለማና ከዋልካው ቁራጭ ቁራጭ ወስጄ፣ በእውነተኛው የፖስተር መጠን፣ አንድ ኤ4 ላይ ደርድሬ አሳተምኩ። ከዚያ ቡና ቤቱ ወስጄ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ቀን በመስኮቱ ብርሃን ሌላ፣ ማታ በቢጫ አምፖል ሌላ ነው። ማታ ሰማያዊው ጥላ ወደ ግራጫ ስለሄደ በፋይሉ ላይ ሰማያዊውን ጥቂት ጨመርኩ። የቤቱን ብርሃን ሳያዩ ለቤቱ ፖስተር ማዘጋጀት በግምት ልብስ እንደመስፋት ነው።

ለማተሚያ ቤቱ የላክሁት በቴሌግራም ነው፤ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ያ ሁሉ ድካም መንገድ ላይ ይቀራል። ማተሚያውን ብሩህነት እንዳይጨምር፣ «እንዳሳምረው» ብሎ ምንም እንዳይነካ በጽሑፍ ነገርኩት። ለወረቀት የማያብረቀርቀውን ማት መረጥኩ። መስኮት ፊት ለፊት የሚሰቀል ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ ወረቀት) በምስሉ የጠቆረ ቦታ ላይ ከደመናው ይልቅ የመንገዱን ታክሲ ያሳያል።

እትዬ ሲሰቀል ቆመው አዩና «ይሄ የኛው የረር ነው እንዴ?» አሉ። አንድ ደንበኛ ደግሞ የት አገር እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር፤ በመስኮቱ አሳዩት።

አሁን ከጎናቸው ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት ያንኑ ምስል ለመስታወቱ ጎን በቁሙ ይፈልጋል። ከአግድሙ ላይ ብቆርጠው የሚቀረው 2667 በ4000 ፒክስል ነው፤ ለአንድ ሜትር ተኩል ቁመት አይበቃም፣ እረኛውም ይቆረጣል። ስለዚህ ካሜራውን አቁሜ ላነሳው መስከረምን እየጠበቅኩ ነው፤ ባለፀጉር ቤቱም እስከዚያ ያለውን የአንበሳ ፖስተር እንዳያወርድ ነግሬዋለሁ።