ተመላሹ ሽቶ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አቅራቢያ ባለ የሽቶ ሱቅ ነው። የሠርግ ሰሞን አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣችና ከእኛ የገዛችውን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ተበላሽቷል። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ብሬን መልሱልኝ!» ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሽቶውን አውቀዋለሁ። ነጭ አበባ ከሚባለው ወገን ነው። ጃስሚን፣ ቱቤሮዝና የብርቱካን አበባ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የሚያሞቁት ቫኒላና ሰንደል ናቸው። ካርቶኑ መነሻው «ላክሜ» የተባለው ኦፔራ ነው ይላል። የሊዮ ደሊብ ድርሰት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ፓሪስ ውስጥ ታየ። ታሪኩ ሕንድ ውስጥ ነው። ላክሜና አገልጋይዋ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ስለ ነጭ ጃስሚንና ስለ ጽጌረዳ አብረው ይዘፍናሉ። ዜማው በጣም የታወቀ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ሲሰማው ያስታውሰዋል። መጨረሻ ላይ ግን ላክሜ ዳቱራ በልታ ትሞታለች። እኛ ሰፈር መንገድ ዳር የሚበቅለው አስተናግር የዚሁ ተክል ወገን ነው። እሱም ነጭ አበባ ያወጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ለነጭ አበባ ሽቶ ከዚህ የተሻለ ታሪክ የሚገኝ አይመስለኝም።

ልጅቷም አልዋሸችም። ጃስሚን ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ። ብቻውን ሲሸተት ናፍታሊን ይመስላል፤ እንዲያውም ዓይነ ምድር ውስጥም ይገኛል። በጥቂቱ ሲሆን ግን አበባው ሕይወት የሚያገኘው በሱ ነው። ኢንዶሉ ቢወጣለት የሚቀረው የከረሜላ ሽታ ነው።

የሱቁን ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አልተከራከሩም።

«የኔ ልጅ፣ የት ላይ ነው የረጨሽው?»

«ነጠላዬ ላይ።»

«መቼ?»

«ጠዋት፣ በብርዱ።»

እጇን ተቀብለው አንጓዋ ላይ አንዴ ረጩላትና ሻይ አስመጡ። ስለ ሽቶው አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ሠርጉ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሚዜዎቹ ጠየቋት። እኔ ብሆን ስለ ኢንዶል ማስረዳት እጀምር ነበር፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ትምህርት አይፈልግም።

ሻዩ ሲያልቅ እናትየው የልጃቸውን እጅ ሳብ አድርገው አሸተቱ። የሊሙ ሰው ናቸው፤ ዝባድ ያውቃሉ። «ይሄማ የዝባድ ጠባይ አለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥሬው አፍንጫ ያስይዛል፤ ቀጥኖ ሲገባ ግን አበባን ያሞቃል፣ ሽታውንም ያቆየዋል። አገራችን በቀንድ እያሸገች ለውጭ ሽቶ ቀማሚዎች ስትልከው የኖረችው ለዚህ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ሰው ሠራሹን ነው።

ልጅቷም አሸተተች። አልኮሉ በንኗል፤ ቆዳዋ ሞቅ ሲል ቫኒላው ብቅ ብሏል። «አሁን ጥሩ ነው» አለች፣ «ግን ለሠርጌ አልፈልገውም።» እትዬ ቀለል ባለ የብርቱካን አበባ ሽቶ ቀየሩላት። የመጀመሪያውን እናትየው ከፍለው ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ነጭ አበባ ሽቶ ወረቀት ላይ ረጭተን በማስሸተት ብቻ አንሸጥም። አንጓ ላይ እንረጭና «ጉዳይዎን ጨርሰው ይመለሱ» እንላለን። የማይመለስ አለ፤ ገበያ ያመልጠናል። እትዬ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።