ከአጥሬ ውጭ ያለው ዛፍ የእኔ መሆኑን ማንም አልነገረኝም

ሲያትል ውስጥ ቤት ስገዛ ያልፈረምኩበት ወረቀት የለም። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ኢንሹራንሱ ስንነጋገር ከረምን። ደጄ ላይ፣ በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ጠባብ ሣር ላይ ስለቆመው የፕለም ዛፍ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ከአጥር ውጭ ያለ ነገር የመንግሥት ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

እዚህ እንደዚያ አይደለም። ሲያትል ውስጥ ከተማው ራሱ የሚንከባከባቸው የመንገድ ዛፎች ወደ 40 ሺህ ገደማ ናቸው። ከዚያ የሚበልጡት ግን በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ናቸው፤ ዛፉ የማን ደጅ ላይ ቆሟል፣ የሚከረክመው እሱ ነው። ከእግረኛ መንገድ በላይ 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከመኪና መንገድ በላይ ደግሞ 14 ጫማ ክፍት መሆን አለበት።

የ8 ጫማውን ትርጉም ያሳዩኝ አንድ አባት ናቸው። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው አያይም፤ በነጭ በትር ነው የሚሄዱት። ነጠላቸውን ቅርንጫፍ ይዞታል። ከቅንድባቸው ከፍ ብሎ ቀጭን የደም መስመር ይታያል። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ “አይ ልጄ፣ በትሩ የሚያየው መሬት መሬቱን ነው። ከላይ ያለውን አይነግረኝም” አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን ከቅርንጫፉ ሳላቅቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለከተማው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሳልፉኝ ቆይተው በመጨረሻ አንድ ሰው አነሳ። ዛፉ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። “ያንተ ነው፣ ከርክመው” አለኝና ዘጋ። ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን አላነሳም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ የቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ጣጣ ባልመጣ ነበር። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የራሴ ጥፋት ነው። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ዋጋ ነገሩኝ፤ ሁለቱም ከ900 ዶላር በላይ። አንድ ሰው ደግሞ ፒክአፕና የሞተር መጋዝ ያለው፣ 350 ዶላር በካሽ የሚሠራ ሰው አገናኘኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ በስልክ ነው የተነጋገርነው። ያልኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ “አሳጥረው።”

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ዛፉ ራስ የለውም። ቅርንጫፎቹ በሙሉ እንደ ክንዴ በሚወፍሩበት ቦታ ላይ እኩል ተቆርጠዋል። ቀላ ያለው የመጋዝ ብናኝ ሣሩን ሸፍኖታል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ “ምን አደረጋችሁት?” አለች። እኔ ግን ያን ቀን ብዙም አልከፋኝም። አባቴ ባሕር ዛፉን ከጉቶው ሲቆርጥ አይቼ ነው ያደግሁት። ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ቀጥ ያለ አጠና ይሰጣል። ዛፍ ሲቆረጥ ይበረታል ብዬ አምን ነበር።

ፕለሙም በጸደይ አቆጠቆጠ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ አሥር፣ አሥራ አምስት ቀንበጥ ወጣ፤ ሁሉም እንደ መጥረጊያ ሽቅብ። ነሐሴ ሲደርስ ከእኔ ቁመት በልጠዋል። በዚያው ሰሞን ዛፉን ያየ የከተማው ሰው በሬን አንኳኳ። የመንገድ ዛፍን አናት መቁረጥ ክልክል ነው አለኝ። 2 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚወፍር ቅርንጫፍ ለመቁረጥ፣ ወይም ከቅጠሉ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋጋውን ስጠይቅ ነጻ ነው። ነጻ! ያን ቀን ነው የከፋኝ።

በኋላ ያመጣሁት የዛፍ ባለሙያ አንዱን ቀንበጥ በሁለት ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ከሥሩ ተገንጥሎ ወደቀ። እነዚህ ከላይኛው ሽፋን ብቻ ነው የወጡት፣ ሲከብዱ ንፋስ ይጥላቸዋል አለኝ። የሚወድቁት የት እንደሆነ እንዲነግረኝ ማንም አላስፈለገኝም፤ እዚያው እኚያ አባት የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ካቻቢቴ አውጥቶ አንዱን የተቆረጠ ጫፍ መሐሉ ላይ ወጋው። እስከ እጀታው ገባ። በስብሷል።

ለማስተካከል ሦስት በጋ ፈጀ። በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ጫፍ ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ሦስት ቀንበጦች ይመርጣል፣ የቀሩትን ያነሳል። እስካሁን 1,900 ዶላር ከፍያለሁ። ቆጥቤያለሁ ያልኩት ገንዘብ እንዲህ ነው የሄደው።

አሁን የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የምለው ይህን ነው። በቅድሚያ የከተማውን የመንገድ ዛፎች ካርታ ኢንተርኔት ላይ ክፈቱና ዛፋችሁን ማን እንደሚንከባከበው እዩ። ከ2 ኢንች በታች ላለ ቅርንጫፍ ፈቃድ አያስፈልግም ይባላል፤ ብትጠራጠሩ ግን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ሕጉ 8 ጫማ ይላል፤ እኔ 10 አስደርጋለሁ። ሰኔ ላይ ቅጠሉ ሞልቶ ዝናብ ሲጨመርበት ቅርንጫፉ ጎንበስ ይላል፣ በደረቅ ቀን የለካችሁት 8 ጫማ የዚያን ቀን 8 አይሆንም። ዛፍ በብርዱ ወራት ይከርከም የሚለው ምክርም ለፕለምና ለቼሪ አይመችም። የሲያትል ዝናብ ባልደረቀ ቁስል ላይ በሽታ ያስገባል። ደረቁን በጋ ጠብቁ፤ እዚህ በጋ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ጭራሽ አትሞክሩት። ከከፍተኛ ኃይል መስመር በ10 ጫማ ውስጥ መሥራት የሚችለው ለዚያ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ሲቆረጥ ደግሞ እዚያው ቁሙ። የሥራ ፈረቃችሁን ቀይሩ እንጂ እንደኔ በስልክ አታዙ። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ጊዜ ነው የሚቆረጠው። በመጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች በኩል በጥቂቱ ይበጣል። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል፤ እንዲህ ካልሆነ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይሄዳል። በመጨረሻ የቀረችው ቁራጭ ትነሳለች፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት አበጥ ያለ ቦታ አለ፣ እሱ ሳይነካ። ዛፉ ቁስሉን የሚደፍነው በዚያ ነው። ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

እኚያ አባት አሁንም እሑድ እሑድ በደጄ ያልፋሉ። ባለፈው ቅርንጫፉ ስር ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። የነካቸው ነገር የለም። ባለሙያው በመጪው ነሐሴ የቀሩትን ደካማ ቀንበጦች ለማውጣት ይመጣል። ፈቃዱን ከወዲሁ አውጥቼ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።