ለድርጅታችን ዌብሳይት ፎቶ የሰበሰብኩበት መንገድ

የድርጅታችንን ዌብሳይት እንደ አዲስ ስንሠራ ፎቶ የማሟላቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ገና ሳልጀምር አንድ ነገር ወሰንኩ። ማን እንዳነሳውና ማን እንደፈቀደ በጽሑፍ ማሳየት የማልችለው ፎቶ ገጹ ላይ አይወጣም።

መጀመሪያ ከድሮው ገጽ የተረከብናቸውን ፎቶዎች አንድ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የት የት እንዳለ በሚፈልጉት በጉግል ሌንስና በቲንአይ ፈለግኳቸው። ባለቤታቸው ያልታወቀውን ሁሉ ከገጹ አስወጣሁ። አንድ ባልደረባዬ «ኧረ ተወው፣ ምንም የባለቤትነት ምልክት የለበትም እኮ!» አለኝ። ምልክት መኖር አለመኖሩ ግን ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የቅጂ መብት ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ሥራው እንደተፈጠረ የፈጣሪው ነው። ጉግልም ፎቶው የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም።

ፈጣሪዎች ሥራቸውን ሌላው በምን ሁኔታ በነፃ መጠቀም እንደሚችል የሚገልጹበት የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ብዙ ረድቶኛል። ፈቃዶቹን ግን ማንበብ ያስፈልጋል። እኛ ነጋዴዎች ስለሆንን ለንግድ እንዳይውል የሚከለክሉትን በሙሉ ተውኳቸው። ጽሑፍ ልንጽፍባቸው ካሰብናቸው ፎቶዎች መካከልም መለወጥ የተከለከሉትን አልነካሁም። በተጠቀምንበት ፎቶ ሥር የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና የምንጩን ሊንክ አስቀመጥን። ለውጥ ካደረግን ያንንም ገለጽን።

በጣም የወደድነው ፎቶ ግን የአንዲት ፎቶ አንሺ ሥራ ነበር፤ መብቱም ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው። ኢሜይል ጻፍኩላት። «ፎቶሽን ልጠቀም?» ብቻ አላልኩም። ገጹ የንግድ መሆኑን፣ ፎቶው የት ቦታ እንደሚወጣ፣ ለስንት ጊዜ እንደምንፈልገውና ማስታወቂያ ላይም ልናውለው እንዳሰብን ዘረዘርኩ። ለዌብሳይቱ ፈቀደች፤ ለማስታወቂያ ግን ሌላ ዋጋ ጠየቀች። ልክ ናት። እኛም ለዌብሳይቱ ብቻ ከፈልን፤ ማስታወቂያ ላይ አላወጣነውም። ሌላ የጻፍኩለት ፎቶ አንሺ አልመለሰልኝም። ዝምታ ፈቃድ ስላልሆነ የእሱን ተውኩት።

ለሠራተኞቻችን ፎቶ ባለሙያ ቀጠርን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። በብዙ አገሮች ሕግ የማንሻውን ዋጋ ስለከፈልክ ብቻ መብቱ ያንተ አይሆንም፤ ውሉ ካላለ በቀር ከአንሺው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ዌብሳይት፣ ሶሻል ሚዲያና የታተመ ማስታወቂያ ላይ እንደምንጠቀም ከቀረጻው በፊት ውሉ ውስጥ አስገባን። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ፈረመ፤ ሥራ ሲለቅ ፎቶው ከገጹ እንደሚነሳም ተስማማን።

ማስረጃ ማስቀመጥን አታቃልሉት። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ካሮል ሃይስሚዝ ሥራዎቿን በአገሯ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኩል ለሕዝብ በነፃ ሰጥታለች። እንዲያም ሆኖ ራሷ ያነሳችውን ፎቶ ድርጅቷ ገጹ ላይ ስላወጣ 120 ዶላር ክፈሉ የሚል ደብዳቤ መጣባት። የፎቶው አንሺ ራሷ ላይ ይህ ከደረሰ እኛማ ምን እንላለን? ስለዚህ ፎቶ ባወረድኩ ቁጥር የፈቃዱን ገጽ ቀኑ እንደሚታይ አድርጌ ስክሪንሾት አነሳለሁ። ኢሜይሉን፣ ደረሰኙንና ውሉን ከፎቶው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የፎቶዎቹን ዝርዝር በያዝኩበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን አለ። ቀኑ ሲቃረብ ለባለቤቱ እጽፋለሁ፤ ካልታደሰ ፎቶው ይወርዳል።