አይረን «በግሉኮስ» ስሰጥ የማላልፋቸው ነገሮች

በእኛ አገር በደም ስር የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። ታካሚዋ «ግሉኮስ ሰቀሉልኝ» ትላለች፣ አስታማሚውም እንዲሁ፣ ስንቸኩል እኛም። በደም ስር የሚሰጠው የደም ማነስ መድኃኒት፣ አይረን (ብረት)፣ ላይ ግን ይህ ስም ያሳስታል። ከአይረን ዓይነቶች አንዱ፣ አይረን ሱክሮዝ፣ የሚበረዘው በ0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻ ነው። ዴክስትሮስ፣ ማለትም እውነተኛው ግሉኮስ፣ አይሆንም፤ ሪንገር የሚባለው ፈሳሽም አይሆንም፣ ሌላ መድኃኒትም በዚያው ከረጢት ውስጥ አይጨመርም። ስለዚህ ከረጢቱን ከመስቀሌ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ሁለቱ ከረጢቶች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ የሠራ ሁሉ ይገባዋል።

ትእዛዙን ከማየቴ በፊት ግን አምፑሉን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ታካሚዋ መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ ገዝታ ነው የምትመጣው፤ አንዳንዴም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ይሆናል። «አይረን» የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። አይረን ሱክሮዝ አምስት ሚሊሊትር አምፑል ውስጥ 100 ሚሊግራም ይይዛል፣ ማለትም በሚሊሊትር 20። በአንድ ቀን ከ200 ሚሊግራም፣ በሳምንትም ከሦስት ጊዜ አላስበልጥም። አይረን ዴክስትራን በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ሙሉ መጠኑ በአንድ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በሚወስድ ጠብታ ሊሰጥ ይችላል። ፌሪክ ካርቦክሲማልቶዝም በሚሊሊትር 50 ነው፤ እሱ ደግሞ በክብደት ተሰልቶ እስከ 1000 ሚሊግራም በ15 ደቂቃ ይገባል። እንግዲህ ትእዛዙ «አይረን 1000 ሚሊግራም» ብቻ ቢል፣ አንዱን በሌላው ሕግ መስጠት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። አሥር የሱክሮዝ አምፑል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተገለበጠ፣ በደም ውስጥ አይረን የሚሸከመው ትራንስፈሪን የማይችለው ብዛት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ግፊት ይወርዳል፣ ታካሚዋ ታስመልሳለች፣ ወገቧን ይይዛታል። አለርጂ አይደለም። የመጠን ስህተት ነው። የመድኃኒቱ ሙሉ ስም ያልተጻፈበትን ትእዛዝ ሐኪሙ እስኪያሟላው ድረስ አልጀምርም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ስለ አይረን ሱክሮዝ ነው።

ሌላው ቅድመ ነገር የደም ማነሱ በእርግጥ የአይረን መሆኑ ነው። ሄሞግሎቢን (የቀይ ደም ልኬቱ) ብቻውን አይበቃኝም፤ የቀይ ደም ሴሎቹ በትልቀት ማነሳቸውንና ፌሪቲኑን፣ ማለትም የተከማቸውን አይረን የሚያሳየውን ምርመራ፣ ማየት እፈልጋለሁ። ፌሪቲን በሊትር ከ30 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ክርክር የለውም። ኢንፌክሽን ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ግን ፌሪቲን በውሸት ከፍ ስለሚል 80ም 90ም ሆኖ የአይረን እጥረት ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮ ወፈር ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር 1.4 ግራም ይቀነሳል። ስለዚህ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ላብራቶሪው 12.8 ቢላት፣ ወረቀቱ ላይ «ደህና» ይመስላል፤ ሲታረም 11.4 ነው፣ ከ12 በታች። ድካሟ እውነት ነው።

በደም ስር የሚገባው መርፌ የሚሰጠው የአይረን ኪኒኑ አልሆን ሲል ነው፦ ሆዷ ካልቻለው፣ የእርግዝናው ጊዜ ከገፋና ደሟ በጣም ካነሰ፣ ዲያሊሲስ ላይ ካለች፣ አንጀቷ ታሞ ካልመጠጠላት። «ኪኒኑ አልሠራልኝም» ስትለኝ ግን በምን እንደምትውጠው እጠይቃለሁ። ከቡና ጋር የተዋጠ አይረን ብዙው አይመጠጥም፣ ከሻይም ጋር እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት መርፌውን አልሰጥም። ትኩሳት ያለባት ታካሚም ኢንፌክሽኑ እስኪታከም ትጠብቃለች፤ አይረን ለባክቴሪያም ምግብ ነው።

አሁን ስሌቱ። ብዙ ሕክምና ከንቱ የሚቀረው እዚህ ነው፤ ሁለት አምፑል ተሰጥቷት «አለቀ» ተብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀመሩ ይህ ነው፦ ክብደት በኪሎ × (15 − የታካሚዋ ሄሞግሎቢን) × 2.4 + 500። 15 ልንደርስበት የምንፈልገው ሄሞግሎቢን ነው። 2.4 ከየት መጣ? ደም ከሰውነት ክብደት 7 በመቶ ገደማ ነው፣ ከሄሞግሎቢን ደግሞ 0.34 በመቶው አይረን ነው፤ ሁለቱ ተባዝተው በሚሊግራም ሲመጡ 2.4 ይሆናሉ። 500ው ለጎተራ ነው፤ በጉበትና በመቅኔ ለሚከማቸው። 55 ኪሎ የምትመዝን፣ ሄሞግሎቢኗ 8 የሆነ ሴት እንውሰድ። 55 × 7 = 385፣ በ2.4 ሲባዛ 924፣ 500 ሲደመር 1424 ሚሊግራም። አሥራ አራት አምፑል ማለት ነው፣ በ200 ሲከፈል ሰባት ቀጠሮ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ብትመጣ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ትጨርሳለች። ለእርጉዝ ሴት ከእርግዝና በፊት የነበራትን ክብደት፣ በጣም ለወፈረች ደግሞ ለቁመቷ የሚገባውን ክብደት እወስዳለሁ። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው አምፑል ሳይሰበር፣ ለታካሚዋ እነግራታለሁ። ሰባት ጊዜ መመላለስ የትራንስፖርት ወጪ ነው፣ ከሥራ መቅረትም አለበት። ካልቻለች በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ስለሚያልቅ ዓይነት ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩት ያኔ ነው፤ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ከጠፋች በኋላ ዋጋ የለውም።

ደም ስሩ ላይ ጊዜ አጠፋለሁ፣ አውቄ ነው። መድኃኒቱ አልካላይን ነው፤ ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ያቃጥላል፣ ቆዳውንም ቡናማ አድርጎ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይተወዋል። ለሌሊት መድኃኒት የገባ አሮጌ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አልጠቀምም። ክንድ ላይ፣ ከመታጠፊያው ራቅ ብሎ፣ ሮዙን ወይም ሰማያዊውን ካኑላ አስገባለሁ። ደም መመለሱን አያለሁ፣ ከዚያ አሥር ሚሊሊትር ሳላይን እየገፋሁ በሌላው እጄ ጣት ከጫፉ በላይ ያለውን ቆዳ እዳስሳለሁ። ቀዝቀዝ ካለ ወይም ትንሽ እንኳ ካበጠ አወጣዋለሁ፤ «ይሁን፣ ይሠራል» የለም። እየገባ ሳለ ታካሚዋ «ለበለበኝ» ካለች በዚያው ቅጽበት እዘጋለሁ። የቀረውን በሲሪንጅ ወደ ኋላ እስባለሁ፣ ካኑላውን አወጣለሁ፣ እጇን ከፍ አደርጋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነገር አስይዛታለሁ። ማሸት ክልክል ነው። አስታማሚ በፍቅር ሊያሽ ይመጣል፤ የፈሰሰውን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በጡንቻም ፈጽሞ አይወጋም።

አምፑሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ አቦል ቡና የጠቆረ ነው። ብርሃን ላይ አንስቼ አያለሁ፤ ዝቃጭ ካለው ይጣላል። ሁለት አምፑል፣ አሥር ሚሊሊትር፣ መቶ ሚሊሊትር ሳላይን ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙ ወፍራም ሻይ ይመስላል። መቶ ሚሊሊትር ከረጢት ከሌለና ያለው የአንድ ሊትሩ ብቻ ከሆነ፣ ትርፉን አፍስሼ መቶውን አስቀራለሁ፣ ወይም መጠኑ የተሰመረበት ቡሬት ካለ በሱ እለካለሁ። ለምን? አይረን ሱክሮዝ በሚሊሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከቀጠነ አይረጋጋም። ሁለት አምፑል ሊትር ውስጥ ሲገባ 0.2 ነው። «ቀጠን ሲል ይለዝባል» ብሎ ማሰብ ለሌላ መድኃኒት ይሠራ ይሆናል፣ ለዚህ አይሠራም። የተበረዘው ወዲያው ይሰጣል፤ የተከፈተ አምፑል ለነገ አይቀመጥም።

መጠኑ 110 ሚሊሊትር፣ የማንጠባጠቢያው መስመር በሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች በደቂቃ 20 ጠብታ አደርገዋለሁ። ያ አምስት ሚሊሊትር፣ ዘጠኝ ሚሊግራም ገደማ ነው። በእነዚህ አምስት ደቂቃዎች ከአልጋው አልርቅም። ቀድሞ ትንሽ የሙከራ መጠን ሰጥቶ «ተቀበለችው» ማለት ልማድ ነበር፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙከራው አስተማማኝ እንዳልሆነ ገልጾ፣ በእያንዳንዱ መጠን ጊዜ መከታተልና ካለቀም በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማስቆየት ይሻላል ብሏል። አራተኛው ቀጠሮ ላይም ያው ጥንቃቄ ማለት ነው። ደህና ከሆነች ወደ 67 ጠብታ ከፍ አደርጋለሁ፣ በአሥራ አምስት ሰከንድ 17 ያህል፤ የቀረው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ግፊቷን ከመጀመሬ በፊት፣ በ15ኛው ደቂቃ፣ ሲያልቅ፣ ከዚያም ልትሄድ ስትል እለካለሁ። መጨረሻ ላይ መስመሩን በሳላይን ሳላጥብ ካኑላውን አልነቅልም፤ አለዚያ ጫፉ ላይ የቀረው ሲወጣ ቆዳ ሥር መስመር ይሠራል።

አፏ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም እንደሚመጣባት አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ካልነገርኳት ትደነግጣለች። ደም ይወሰዳል ብለው ባዶ ሆዳቸውን የሚመጡም አሉ፣ በጾም ሰሞን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሱ። «ሲስተር፣ እህል ሳልቀምስ ነው የመጣሁት» ሲሉኝ፣ «እማማ፣ ይህ ባዶ ሆድ አይፈልግም፤ ግፊትዎ እንዳይወርድ ነው፣ ጾምዎን ሲፈቱ ከሰዓት በኋላ ይምጡልኝ» እላለሁ። ቀጠሮ ማዛወር ከመከራከር ይቀላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚፈራው ክፍል። ጠብታው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቷ ሊቀላ፣ ደረቷ ጨምደድ ሊያደርጋት፣ ወገቧንና መገጣጠሚያዋን ሊይዛት ይችላል። ጠብታውን እዘጋለሁ፣ ካኑላውን ግን አልነካም፣ ሳላይን አስቀጥላለሁ። ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ትንፋሽ፣ ከንፈርና ዐይን ዙሪያ አያለሁ። ግፊቷ ካልወረደ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከሌለ፣ እብጠት ከሌለ፣ እጠብቃለሁ። በአብዛኛው በራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ ከተስማማ በግማሽ ፍጥነት እቀጥላለሁ። ትልቁ ስህተት እዚህ ሮጦ የአለርጂ መድኃኒቱን፣ ፕሮሜታዚንን፣ መውጋት ነው፤ ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ ያፈዛል፣ ቀላሉን ነገር ከባድ ያስመስለዋል፣ ከዚያም «ለአይረን አለርጂ ነች» ተብሎ ካርዷ ላይ ለዘላለም ይጻፋል። አስቀድሞ ለመከላከል ተብሎ መስጠቱም አይጠቅምም።

ግፊቷ ከወረደ፣ ከንፈሯ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሿ ከታፈነ ግን ጨዋታው ሌላ ነው፦ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም፣ ጭኗ መሃል በውጭ በኩል፣ በጡንቻ። አንድ ሚሊግራም ከያዘው አምፑል ግማሹ ነው። እግሯን ከፍ አድርጌ አስተኛታለሁ፣ ኦክስጅን፣ ሳላይን በፍጥነት፣ በአምስት ደቂቃ ካልተሻላት ይደገማል። ስቴሮይዱ፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፣ በፊት አይደለም። አድሬናሊኑ ያለው የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነና ቁልፉን የያዘችው ምሳ ከወጣች፣ እኔ አይረን አልጀምርም።

በማግስቱ ሰውነት መቆረጣጠም ወይም ትንሽ ትኩሳት ቢመጣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የአይረን ኪኒኑ ይቆማል፤ ካስፈለገም የሚጀመረው ከመጨረሻው መርፌ አምስት ቀን በኋላ ነው። የተወጋ አይረን ሰገራ አያጠቁርም። ኪኒን አቁማ ሳለ ከጠቆረባት ከሆድ ሊደማ ስለሚችል ቶሎ መምጣት አለባት። ካርቦክሲማልቶዝ በተደጋጋሚ የወሰደች ደግሞ አጥንቷን ካመማት ወይም ጉልበት ካነሳት በደሟ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለው ማዕድን ይታያል፤ ያ መድኃኒት ፎስፌት ያወርዳል።

አፈር የማሽተትና የመብላት አምሮት ካለባት ደሙ ገና ሳይሞላ እሱ ቀድሞ እንደሚጠፋ ብዙዎቹ ይናገራሉ። ሄሞግሎቢን ከመጨረሻው መጠን አራት ሳምንት በኋላ ይታያል። ፌሪቲንን ግን ቶሎ አላሠራም፤ ከመርፌው በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰማይ ይነካል፣ ምንም አይነግርም፣ ገንዘቧን ያስወጣታል እንጂ። ሁለት ወር ይቆይ። ሄሞግሎቢኑ ካልጨመረ ሌላ አይረን አልጨምርላትም፤ ወደ ሐኪሙ እመልሳታለሁ፦ የወር አበባዋ ስንት ቀን ይቆያል፣ ሰገራዋ ለመንጠቆ ትል ታይቷል ወይ፣ ቢ12 እና ኩላሊቷስ።

ካርዷ ላይ በየቀጠሮው ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ሙሉ ስም፣ የአምፑሉን የባች ቁጥርና «ከ14 አምፑል 6 ተሰጠ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰባተኛውን አምፑል ሌላ ጤና ጣቢያ ብትወስድ፣ የሚቀበላት ሰው ከዚያ ይቀጥላል።