1736 ተረፈ

ዛሬ ሲመሽ ልቤን አንዳች ነገር ከበደው። ወዳጄም ደውላ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። የጎደለ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም። እንቅልፍም እንቢ ሲለኝ ወረቀት ስቤ ቁጥር መጫር ያዝኩ። ሲከፋኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ።

11 ሁለቶችን አባዝቼ 1 ቀነስኩ፤ 2047 መጣ። ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለማወቅ የግድ አካፋዩን ማደን አያስፈልግም። ሉካስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ የጀመረው፣ ሌላው ሊቅ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ያቀለለው መንገድ አለ። ከ4 ትነሳለህ፤ በራሱ ታባዛዋለህ፣ 2 ትቀንሳለህ፣ ለ2047 አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ትይዛለህ። ቀሪውን ይዘህ እንደገና። ከሁለቶቹ ብዛት 2 ያነሰ፣ እዚህ 9 ጊዜ ደጋግመህ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። አምስት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ በሚገኘው በ31 ብትሞክረው 3 ዙር ይበቃል፦ 4፣ 14፣ 8፣ 0። እንዴት ደስ ይላል!

በ2047 ግን 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282 እያለ ሄዶ 1736 ላይ ቆመ። ዜሮ አልመጣም። ስለዚህ 2047 ይካፈላል፤ ጥርጥር የለውም። በምን እንደሚካፈል ግን 1736 ትንፍሽ አይልም።

ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 እዚህ ላይ ነበር የቆመው። መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ነው። ሉካስ ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። ለ27 ዓመት ያ ቁጥር እንደሚሰበር ታውቆ፣ የት ላይ እንደሚሰበር ሳይታወቅ ኖረ። በ1903 ኮል የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ሰሌዳው ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ ይባላል። ውጤቱ ያው ቁጥር ሆነ። ዝም ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

የ2047 አካፋዮች 23 እና 89 ናቸው፤ ይህን ድሮም አውቀዋለሁ። ዛሬ የያዘኝ ሌላ ነው። 1736ን ለ23 ባካፍለው 11 ይተርፋል፤ ለ89 ባካፍለው 45። ሁለቱም ውስጡ የሉም። ታዲያ ስብራቱን የነገረኝ ይህ ቁጥር የስብራቱን ቦታ ጭራሽ አልያዘም ማለት ነው? ወይስ እኔ የማላነበው ምልክት አለበት?

ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱ ሞልቷል፤ ጀርባውን ገልብጬ ከ4 ልጀምር ነው፣ አሁን ደግሞ በ23 ሁለቶች።