የያዘውን ነገር ስሙን ንገረኝ ብዬ ለመንኩት

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ። ለሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል ስሳል «ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግክልኝንም በአደባባይ እናገራለሁ» ብዬ ነበር። ጃንጥላውን አስገባሁ። ምላሴ ግን ተያዘ። የሁለተኛውን ልጄን የማሙሽን ነገር ለመናገር የመጀመሪያውን ልጄን ማንሳት ግድ ነው፣ እሱን ማንሳት ደግሞ አልሆንልሽ አለኝ።

የመጀመሪያው ልጄ የተወለደው በ2007 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ ነው። ክብደቱ ጥሩ ነበር፤ አለቀሰ፣ ጠባ። በሁለተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። እንቅልፍ አበዛ፣ ጡት ስሰጠው ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። በአምስተኛው ቀን አረፈ። ምን እንደነካው የነገረን የለም።

ሰፈሩ ግን ወዲያው ስም አወጣለት። ሾተላይ። በሕክምና ሾተላይ የሚባለው የእናትየው ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ካርዴን እያሳየሁ ባስረዳ ማን ይሰማኛል? የባለቤቴ ወገኖች የኔን ዘር ቆጠሩ፣ የኔዎቹ የሱን። እኔና እሱም ጀርባ ተሰጣጥተን የምናድርበት ጊዜ መጣ።

ማሙሽ የተወለደው በ2010 ኅዳር መጨረሻ ነው። በሁለተኛው ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ተረከዙን ወግተው ስኳሩን ሲለኩት 28 ሆነ፣ በጣም ዝቅ ብሏል። ግሉኮስ ሰጡት፣ ነቃ። ግሉኮሱ ሲነቀል ስኳሩ ወረደ፣ እንደገና ተሰካ። ኢንፌክሽን ነው ተባለና አንቲባዮቲክ ተጀመረ። ቢጫነቱን መብራት ስር አስተኝተው ቢሞክሩትም አልለቅ አለ። እንዲህ እያልን ሦስተኛ ሳምንት ገባን። እጁ ላይ መርፌ የሚሰካበት ደም ስር ጠፍቶ ጭንቅላቱን ላጭተው እዚያ ላይ ነበር የሚሰኩለት።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ እናቴ ለንግሥ ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች «ምን ልበልልሽ ልጄ?» አለችኝ። ሁልጊዜ «ያድንልኝ በይልኝ» ነበር የምላት። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ወጣኝ። «የያዘውን ነገር ስሙን ይንገረኝ በይልኝ። ክፉም ቢሆን ይንገረኝ» አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ እኔም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያንኑ ደጋገምኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

በንግሡ ማግስት ተረኛ ሆኖ የመጣው ሐኪም ወጣት ነው። የሌላ ሐኪም ተራ ሸፍኖ እንደመጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሌሎቹ ካርዱን አይተው ነበር የሚያልፉት፤ እሱ ዳይፐሩን ፈታ። ትንሽ ዝም ብሎ አየና «እናት፣ ስለዚህ ነገር ያናገረሽ ሰው አለ?» አለኝ። የልጄ ብልት በጣም ትንሽ ነበር። ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ግን አፍሬ ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩም። «የመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር ዶክተር» ስለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ቁጭ ብሎ ያናገረኝ ሰው እሱ ነው።

ስኳሩ የሚወርድ፣ ቢጫነቱ የማይለቅ፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ብልቱ ከልክ ያነሰ አራስ ሲመጣ ፒቱታሪ የምትባለውን፣ የሰውነት ሆርሞኖችን የምታዝ ዕጢ መጠርጠር ያስፈልጋል አለኝ። ሦስቱ ምልክቶች ለየብቻ ሲታዩ ያሳስታሉ። የአራስ እናቶች፣ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ አፍራችሁ የደበቃችሁት ነገር ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክት ሊሆን ይችላል። ደሙ ሲመረመር ኮርቲሶሉ፣ ማለትም ስኳሩ እንዳይወርድና ሰውነቱ በሽታን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን፣ የለም በሚባል ደረጃ ወርዷል። የታይሮይድ ሆርሞኑም ዝቅተኛ ነው። ኮርቲሶሉን የሚተካ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል መድኃኒት ተጀመረለት። የታይሮይዱ መድኃኒት በኋላ ተከተለ፤ ኮርቲሶሉ ሳይተካ እሱ ቀድሞ ቢሰጥ ልጁን ጭራሽ ይጥለው ነበር አሉኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ግሉኮሱ ተነቀለ። ስኳሩ አልወረደም። ጡቴን ይዞ ሲስብ አመመኝ፣ ጉልበት አግኝቶ ነበራ! እያለቀስኩ አጠባሁት።

አዲስ አበባ ሄደን ኤምአርአይ ተነሳ። የሆርሞን ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። ይህች ዕጢ የአተር ፍሬ ታክላለች፤ አንጎል ስር፣ ኮርቻ በሚመስል አጥንት ላይ ትቀመጣለች። በማኅፀን ስትሠራ ከሁለት ወገን ነው የምትመጣው፤ የፊተኛው ክፍል ከአፍ ጣሪያ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ የኋለኛው ከአንጎል ወደ ታች ይወርዳል፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ጂኖች፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሱ የሰውነት መመሪያዎች፣ በየተራ እየበሩ ነው ይህን የሚመሩት። አንዱ ካልበራ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ይቀራል። የማሙሽ የፊተኛው ክፍል በጣም አንሶ፣ የኋለኛው ከቦታው ከፍ ብሎ ቀርቷል።

ከጂኖቹ አንዱ ፒት1 ይባላል። ከሱ በፊት በርቶ መንገዱን የሚያዘጋጅለት ደግሞ ፕሮፕ1 ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሳይንቲስቶች «የፒት1 ነቢይ» ማለታቸው ነው አለችን። እኔ መጥምቁ ዮሐንስን አሰብኩ። የማሙሽ ችግር ግን እሱ ላይሆን ይችላል፤ ፕሮፕ1 የተበላሸባቸው ልጆች ኮርቲሶል የሚጎድላቸው ብዙውን ጊዜ ቆይቶ ነው፣ የሱ ከልደቱ ነው። ተመርምረው ጂኑ የማይገኝላቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። ሁለት ልጅ ተከታትሎ ስለታየብን ግን አንድ ነገር ነገረችን፤ ሰው ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል፣ እኛ ግን ሁለታችንም ሳናውቅ አንድ አንድ የተበላሸ ይዘን ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

ስንመለስ ባለቤቴ እስከ ሻሸመኔ አልተናገረም። ሻሸመኔን እንዳለፍን «ያንቺም የኔም ነው ማለት ነው» አለኝና እጄን ያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ በመካከላችን የነበረው ነገር እዚያ መኪና ውስጥ ወረደ። እኔ ልጁን ብቻ ነበር የለመንኩት፣ እግዚአብሔር ትዳሬንም መለሰልኝ።

ቀላል ነበር አልልም። ኪኒኗን በምላጭ ለአራት ከፍዬ፣ አንዷን ማንኪያ ላይ ደቁሼ፣ በውሃ በጥብጬ በቀን ሦስቴ ነበር የምሰጠው። ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሟ በጻፈችልኝ መሠረት መጠኑ ይጨመራል፤ ካስመለሰው መርፌ ነው፣ ያውም በሌሊት። ስንት ጊዜ በባጃጅ እንደበረርኩ እሱ ነው የሚያውቀው። አንዲት ዘመዳችን «መድኃኒቱን ተይና ጸበል ብቻ አጠጪው» ብላኝ ነበር። ለልጄ አዝና ነው፣ አልቀየምኳትም። ግን እህቶቼ፣ ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ልጁ ሊሞት ይችላል። ስሙን ንገረኝ ብዬ ለምኜ ስሙን ከነገረኝ በኋላ፣ አብሮ የሰጠኝን መድኃኒት እንዴት እጥላለሁ?

ይህችው ዕጢ የምትሠራውን የእድገት ሆርሞን በመርፌ መውሰድ የጀመረው በአራት ዓመቱ ነው፣ ውጭ ያለች እህቴ እየረዳችን። ድሮ ይህ ሆርሞን ከሞቱ ሰዎች ዕጢ ነበር የሚወጣው። አንጎል የሚያጠፋ በሽታ ሲያስተላልፍ ተገኘና በአሜሪካ በ1985 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ በላቦራቶሪ የሚሠራው እዚያው የተፈቀደው በዚያው ዓመት ነው። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ በረዶ ፍለጋ ጁስ ቤት ለጁስ ቤት እዞራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የሱሪውን ጠርዝ ሁለቴ ፈታሁ። ሁለተኛዋን ጊዜ ስፈታ ክሩን ጥዬ ተንበረከኩ።

ዘንድሮ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከነአባቱ ሄድን። ሕዝቡ ከአጥር ውጭ ሞልቶ ነበር። ታቦቱን እያየሁ እልል ስል ማሙሽ ነጠላዬን ይጎትታል። ጎንበስ አልኩለት። «እማዬ፣ የ8 ሰዓቷ» አለኝ። ከቦርሳዬ ኪኒኗን አወጣሁ፣ ውሃ ግን አልያዝኩም። አጠገባችን የቆሙ እናት የጸበል ጠርሙሳቸውን ከፍተው «እንካ የኔ ጌታ፣ በዚህ ዋጥ» አሉት።